የእናቴ ነጠላ እና አንድ ራይት

ያን ሰሞን እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ ነበር። ቤት ስሆን መውጣት ያምረኛል፤ ስወጣ መመለስ። እስከ ገበያው ወርጄ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። እናቴ «ምን ረስተሽ ነው?» ስትለኝ «ምንም» ብዬ መልሼ እወጣለሁ። ባጃጅ የሚነዱት የሰፈራችን ልጆች ሳይቀሩ መሳቂያ አደረጉኝ፤ «እመቤት፣ ዛሬም መንገድ ቆጠራ ላይ ነሽ?» ይሉኛል። ስልኬን አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ እከታለሁ፣ መንገዱን ተሻግሬ ሳልጨርስ ደግሞ አወጣለሁ። የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለወንድሜ ከላክኋቸው ፎቶዎች ሥር ያለችው ራይት ሁለት ሆናለች? ወይስ አሁንም አንድ ናት?

አንድ ራይት ማለት ፎቶው ከእኔ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለት ራይት ማለት ወንድሜ ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው። አንድ ነበረች። ከኅዳር ጀምሮ አንድ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክፉ ፎቶ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ጥቁሩን ካባ ለብሼ፣ አበባ ታቅፌ ተነሣሁ። ያነሣኝ ሰውዬ ቸኩሎ ኖሮ ዐይኔ ግማሽ ተጨፍኖ ወጣ። እናቴ ግድ አልሰጣትም፤ በትልቁ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሥራ ፍለጋ ስዞር ውዬ ደክሞኝ ስገባ ያቺ የምታንቀላፋ ተመራቂ ከግድግዳው ላይ ትቀበለኛለች። አካውንቲንግ ነው የተማርሁት። አንድም ቦታ አልጠሩኝም። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ ቆሜ ደሜ ፈላና «እኔ ባነሣ ከዚህ አላንስም!» አልሁ። ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ ሰምቶኝ ኖሮ «ታዲያ ለምን አትማሪም?» አለኝ።

ለምን አልማርም! አዲስ አበባ የሚያስተምሩ አሉ ሲሉኝ ደወልሁ። ዋጋውን ስሰማ ሳቄ መጣ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «ምነው?» ብትለኝ «ኧረ ምንም፤ በርቱ» ብዬ ዘጋሁት። ካሜራ መግዛት የሚባለውን ነገርማ ለማንም አላነሣሁትም። ፊልም ከሚጭን ሱቅ ሄጄ «ፎቶ ማንሣት የሚያስተምር ቪዲዮ ጫንልኝ» ብል ልጁ ሚሞሪዬን የሰርግ ቪዲዮ ሞልቶ ሰጠኝ። ተጣላሁት። «ሰርግ ላይ አይደል እንዴ ፎቶ የሚነሣው?» ብሎ ሞገተኝ። በሁለተኛው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጢሙን የተላጨ አንድ ፈረንጅ የሚያስተምርበት ቪዲዮ ጫነልኝ። ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወራው ስለሚገዛ ዕቃ ነው። ይህን ሌንስ ግዙ፣ ያን መብራት ግዙ፣ ይህ ከሌላችሁ ባትጀምሩ ይሻላል። ጨጓራዬን ላጠው። ከዚያ ሁሉ ወሬ የጠቀመኝ አንድ ቃል ነው፤ ሰውን ከመስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ይመልስ፣ አለ። እሰይ፣ ብርሃን እንኳ አይሸጥም አልሁ።

ቤታችን ደግሞ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። በሩ ግን ወደ ምሥራቅ ነው፣ ስለዚህ በሩን መስኮት አደረግሁት።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ጥሎ የቀን ሥራ ያገኘውን ይሠራል፤ መስቀል ሲያልፍ በየዓመቱ ወደ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፣ ለገና ይመለሳል። ያን ዓመት ሊወርድ ሲል ስልኩን ሰጠኝ። የእሱ ካሜራው ጥሩ ነው፤ የእኔ መስታወቱ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ባትሪው እየቆየ የሚሞት ነበር። «የአንቺን እኔ ልያዝ» አለኝ።

«አብደሃል? በዚያ በረሃ ቢጠፋብህስ?»

«እኔ የምሄደው ሰሊጥ ላጭድ ነው። ሰሊጥ ፎቶ አያስፈልገውም።»

ሲም ካርዳችንን ተለዋወጥን። ሻንጣውን አንጠልጥሎ መናኸሪያ ስሸኘው እንዲህ አለኝ፦ «በየቀኑ አንድ አንድ ላኪልኝ። መጥፎ ከሆነ እሰድብሻለሁ። አንድ ቀን የእማዬን ፊት በትክክል ታነሺዋለሽ፤ ያን ቀን ብቻ አልሰድብሽም።»

ቃሉንም አከበረ፣ የተረገመ። ኔትዎርክ ካለበት ሲወጣ ስድቡ ይጎርፋል። «ሰማዩን ለምን አበዛሽው? ሰማይ ልትሸጪልኝ ነው?» «እማዬን አናቷን ቆረጥሻት።» «አባባ የታለ? እኔ የሚታየኝ ዱቄት ነው።» አንድ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ሳነሣ የዋልሁትን አበባ ልኬለት «አበባው ደህና ነው፣ አንቺ ግን አልነበርሽም» ብሎ ጻፈ። ምን ማለቱ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስንገበገብ ዋልሁ። ካሜራ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እኮ ነው! ግን ፈረንጁ ያላስተማረኝን እሱ አስተማረኝ፤ የሚሳደብ ዐይን ካለሽ የሚከፈልበት አስተማሪ አያስፈልግሽም።

አባቴ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ማታ ማታ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆኖ ይገባል። ከዚያ የመጣ ባዶ ነጭ ማዳበሪያ በሁለት እንጨት ወጥሬ የብርሃን መመለሻ አደረግሁት። እናቴን በሩ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ፀሐይ በአንድ ጎን፣ ማዳበሪያው በሌላ ጎን። እሑድ እሑድ አባቴ ይይዝልኛል። «እንዲህ ነው?» ይለኛል፣ ክንዱ እየዛለ። «ትንሽ ወደ ላይ ያድርጉት አባባ።» «አሁንስ?» «ትንሽ ዝቅ።» «ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ ጆንያ ተሸክሜ የመጣሁ ሰው ነኝ» ይልና ይስቃል። ስልኩ ሲሞላ «ቦታ የለም» ይላል፤ አዲስ ለማንሣት አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነው። ያ ብቻ ስንቱን አስተማረኝ። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይጥፋ እያልሁ የራሴን ፎቶ በራሴ መፍረድ ለመድሁ።

ይህም አልበቃኝም። መብራትና ትልቅ ካሜራ በቅርብ ማየት ፈለግሁ። መሀል ከተማ አንድ ፎቶ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ሁሉም ጋሼ ይለዋል፣ እኔም ጋሼ አልሁት። «አስተምሩኝ» ስለው ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ክፍያ አለው» አለኝ። «ክፍያ የለኝም፣ እጅ ግን አለኝ» አልሁት። ጉርድ ፎቶ መቁረጥ እንደሚጠላ ወዲያው አወቅሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተቆረጠ ክምር ነበር። መቀሱን አነሣሁና ቆረጥሁለት። ከዚያ በኋላ ቀን በቀን እየሄድሁ እቆርጣለሁ፣ እሱ ሲያነሣ ከጥግ ቆሜ አያለሁ። ማስተማር የሚባል ነገር አላደረገም፤ እንዳላይ ግን አልከለከለኝም። ለመታወቂያ የሚነሡ የገጠር ሰዎች ይመጣሉ፤ ካሜራው ሲዞርባቸው ትንፋሻቸውን ውጠው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። ጋሼ «ጆሮ ይታይ! አገጭ ቀና!» ይልና ቀጭ ያደርጋል። ቀጭ ካለ በኋላ ሰውየው ትንፋሹን ይለቃል፤ ያኔ ነው ፊቱ የራሱ የሚሆነው። ያን ጊዜ ግን ካሜራው ወርዷል። እኔ ያን ያዝሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ትንፋሹን ሲለቅ ነው የማነሣው።

ወንድሜ ይህን ስጽፍለት «ጎበዝ» አለኝ። ኅዳር ላይ ነው። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም። ያ ስልክ የእኔ ነበር፣ ባሕርዩን አውቀዋለሁ። እናቴ «ምነው ወንድምሽ ዝም አለ?» ስትል «ባትሪው ነው እማዬ» እላለሁ። ደወልሁ፤ ያቺ ሴትዮ በተቀዳ ድምፅ አሁን አይገኝም ትላለች። የገና በዓል ደረሰ። ሌሎቹ አጫጆች በየመንደራቸው ተመለሱ፤ አንዱን መናኸሪያ አግኝቼው ብጠይቅ «እኛ ወደ ሌላ እርሻ ተዛውረን ነበር፣ እሱ ወባ ይዞት ከኋላ ቀረ» አለኝ። ለእናቴ ወባውን አልነገርኋትም። ጥምቀት አለፈ። ከዚያ እንግዲህ እግሬ አልረጋ አለኝ።

የሚያስበረግገኝ የሰው ዐይን ነው። ሰዎች መንገድ ላይ እያዩኝ አንገታቸውን ይሰብራሉ። እናቴን «ጽናቱን ይስጥሽ» የሚሏት መጡ። እናቴም እሳት ትሆናለች፦ «የምን ጽናት? ልጄ ሥራ ላይ ነው!» ትላቸዋለች። ከይጁቤ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ መጣች። ቁጭ ብላ ትንሽ ካወራች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ሰው እንዲህ ሲጠፋ... እርምሽን ብታወጪ ይሻላል» አለቻት። እርም ማውጣት ማለት እኛ ዘንድ ሬሳው ላልታየ ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ደረት መትቶ፣ ለቅሶ መቀመጥ ነው። እናቴ ተነሣች። የአክስቴን መቋጠሪያ አንሥታ በሩ ላይ አስቀመጠችው። አክስቴ ያን ቀን በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለሰች።

እኔ ግን ፎቶ መላኬን አላቆምሁም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ካቆምሁ ያመንሁ መሰለኝ። በየቀኑ አነሣለሁ፣ እልካለሁ፤ አንድ ራይት። ባዶ ቻት ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ ራሴን ያዝሁት፦ «ይህኛው ደብዛዛ ነው፣ ቅጠሉ ፊቷን ሸፈነው፣ አውቃለሁ፣ አትንገረኝ» እያልሁ እጽፍለታለሁ።

እናቴ ያን ጊዜ ሌሊት አትተኛም ነበር። ጠዋት ላይ በሩ ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ስትቀመጥ እንቅልፍ ያሸልባታል። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች ሳለ ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች እጇን ጉንጯ ላይ ደገፍ አድርጋ አንጎላጀች። ፀሐይዋ ደግሞ ያን ቀን! ብርድ ነበር፤ ብርሃኑ ጥርት ብሎ ከጎን ገብቶ በፊቷ መስመር ሁሉ ላይ ተኝቷል። ማዳበሪያውን አቆምሁ። አየሁ፤ አንድ ነገር ጎደለ። ፊቷ ዙሪያ ሁሉም ነጭ ነው። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ ነበርና ቀስ ብዬ አነሣሁት፤ አረንጓዴና ቀይ የሆነው ጥለቱ ከታች እግሯ ሥር ነው ያለው። ገለበጥሁትና ጥለቱን ወደ ላይ፣ በአንገቷ ዙሪያ እስከ ጉንጯ አመጣሁት። አቤት! ፊቷ በቀለሙ መሀል በራ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ቀጭ።

እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። ጩኺ ጩኺ አለኝ። እዚያው ቆሜ ለወንድሜ ላክሁለት፤ «በል እንግዲህ ስደበኝ!» ብዬ ጻፍሁ። ነጠላውን እንደነበረ መለስሁና ወደ ፎቶ ቤት ሮጥሁ። ጋሼ ዘንድ ስደርስ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀንሁበት።

ጋሼ መነጽሩን አስተካክሎ አየ። ቆይቶ ቆይቶ ባርኔጣውን ከራሱ አወረደ።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ማን ነው የሞተባችሁ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ማንም አልሞተም» አልሁት።

«እንዴ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች እኮ። እጇም ጉንጯ ላይ ነው።»

ያኔ ነው ያየሁት። በስመ አብ! እኔ የጎጃም ልጅ፣ ስንት ለቅሶ እያየሁ ያደግሁ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን እንደሆነ ሊጠፋኝ ነው? አልጠፋኝም። ግን ያን ጠዋት ነጠላ አልታየኝም። ቀለም ነው የታየኝ። መስመር ነው የታየኝ። ጋሼ ስልኩን እየመለሰልኝ «ፎቶው ግን ፎቶ ነው» አለ። ሌላ ጊዜ ቢለኝ በደስታ እሞት ነበር።

ያን ማታ ፎቶ አላሳይም አልሁ። እናቴ ደግሞ የየቀኑን ሳታይ አትተኛም፤ ለልጇ የሄደውን ሁሉ ማወቅ ትፈልጋለች። «ምን ሆነሽ ነው ዛሬ የምትደብቂኝ?» አለችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። መጀመሪያ ፈገግ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

«ነጠላዬን ማን አዘቀዘቀው?»

«እኔ ነኝ። እማዬ፣ ቀለሙ...»

«በልጄ ታሟርቻለሽ?» ድምፅዋ እንዲያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። «አልሞተም እያልሁ ከሰው የተጣላሁት፣ የእናቴን ልጅ ከቤቴ ያስወጣሁት ለዚህ ነው? አንቺ በቁሙ እርሙን ታወጪልኛለሽ? በተኛሁበት ለቅሶ ታስቀምጪኛለሽ?»

«ቀለሙን ነው ያየሁት አልሁሽ! ቀለሙ አማረኝ!»

«ቀለም!» አለችኝ። «ቀለም! ዐይንሽ ሌላ ነገር አያይም?»

እኔም መለስሁላት። ጮኽሁ። እኔስ አልናፈቀኝም? እኔስ እንቅልፍ አለኝ? በየቀኑ የምልክለት እኔ አይደለሁም? አባቴ ዱቄቱን ሳያራግፍ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አጥፊው ልጄ፤ በቃ» አለኝ። ፊታቸው ላይ አጠፋሁት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፤ ወይም የተኛች መሰለች።

ከወንድሜ ቻት ላይ ግን አላጠፋሁትም። ጣቴን አሳርፌበት ነበር። እምቢ አለኝ። የእማዬን ፊት በትክክል ያነሣሁበት ቀን አልሰድብሽም ያለኝ እሱ አይደለም እንዴ? ለማን ላሳየው? ሟርት ከሆነም ይሁን አልሁ፤ እኔ የማጠፋው እሱ አይቶ አጥፊው ሲለኝ ነው። አንድ ራይት እንደሆነች ተውኋት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ሆነ። እናቴ አትከለክለኝም፣ ግን በሩ ላይ አትቀመጥልኝም። ፀሐይ ስትወጣ ወንበሯን ወደ ውስጥ ታስገባለች። እኔ ዶሮ አነሣለሁ፣ አጥር አነሣለሁ፣ የራሴን እግር አነሣለሁ። ጋሼ ዘንድ ስሄድ ጉርዱን እያጣመምሁ ቆረጥሁበት፤ ሂጂ ዛሬ ቤትሽ አለኝ። ወጥቼ ቤቴ አልሄድሁም። እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ ወደ ቆላ የሚወስደው መኪና የሚቆምበት ጋ ቆምሁና ምን ልሠራ እንደመጣሁ ለራሴም ጠፋኝ። ተሳፍሬ ልሂድ? የት ብዬ? ማንን ብዬ? ተመለስሁ።

አንድ ጠዋት ነው። ልወጣ ጫማዬን እያሠርሁ ነበር። እናቴ ውስጥ ተቀምጣ ምስሯን ትለቅማለች፤ «ዛሬም?» አለችኝ፣ «ዛሬም» አልኋት። እንደ ልማዴ ስልኩን አየሁ።

ሁለት ራይት።

የበላዩን ፎቶ አየሁ፣ ሁለት። የበላዩንም። ጣቴ ወደ ላይ በሳበው ቁጥር ሁሉም ሁለት ሁለት ነው። ዶሮው፣ አጥሩ፣ እግሬ። ያኔ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር አልነበረም። የእሱ ነበር።

«ማን ሞተ?» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እያለቀሰ ነው። «ንገሪኝ! አባባ ነው?»

«አባባ ወፍጮ ቤት ነው» አልሁት። «አሁን ወጣ። ደህና ነው።»

«አትዋሺኝ! እማዬን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጉንጯን ይዛ። አባባ ካልሆነ ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም ወንድሜ። ማንም።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። ከወዲያ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ሆነ።

«ታዲያ ለእኔ ነው?» አለኝ። «እኔን ነው ያለቀሳችሁኝ?»

ዞር ስል እናቴ ከአጠገቤ ቆማለች፤ ምስሩ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አንተ» አለች። «አፈር ስሆን፣ ስማኝ። ማንም አልሞተም፤ አንተንም ያለቀሰ የለም። እኔ ነኝ እናትህ፣ አላለቀስሁም። እህትህ ፎቶ ስትማር ነው።»

የሚለው አይሰማኝም ነበር። የእናቴን ፊት ነው የማየው። ወባው ሥራውን እንደበላው፣ ሲድን አጨዳው እንዳለቀ፣ ባዶ እጁን ምን ብሎ እንደሚደውል ጠፍቶት እንደነበረ ለእሷ ነገራት፤ እኔ ኋላ ከእሷ ሰማሁ። ስልኩን ዘግቶ ከእኛ ተደብቆ ነበር። ያን ጠዋት ሊሸጠው አውጥቶ፣ ገዢው «ይሠራል? ክፈትና አሳየኝ» ሲለው ከፈተው። ፎቶዎቻችን ሁሉ መጡ። የመጨረሻዎቹን ወደ ላይ እያሳለፈ ሲሄድ የእናቴ ላይ ደረሰ።

«ባዶ እጅህን ና» አለችው እናቴ። «እጅህ ካለ ይበቃኛል። ዛሬውኑ ተሳፈር። ስልኩን እንዳትሸጠው፣ ገባህ?» ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ለቃቅማ የማትጨርሰውን ምስር ለመልቀም ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ያቺን ፎቶ...» አለኝ ወንድሜ።

«አውቃለሁ። ሟርት ነው። አጥፊው በለኝና አጠፋዋለሁ።»

«አይ» አለ። አፍንጫውን ሳበ። «እሷ ላይ ስድብ የለኝም።»

ስልኩን ዘጋን። እኔም ወለሉ ላይ ወደ እናቴ ወረድሁ፤ አብረን ምስር ለቀምን፣ አለቀስን፣ ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን። ትንሽ ቆይታ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች። ወንበሯን አነሣችና በሩ ላይ፣ ፀሐይዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አራግፋ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰች፤ በእጇ እየደባበሰች ሁለት ጊዜ አየችው።

«በይ አንሺኝ» አለችኝ። «ላኪለት። ዐይኔም ይታይ።»

ማዳበሪያውን አላቆምሁም። ብርሃኑን አላየሁም። እጄ አልታዘዘኝም፤ ቀጭ አደረግሁት። እንዳለ ላክሁት።

ሁለት ራይት ወዲያው ገባ።

«ተንቀጥቅጧል» ብሎ ጻፈልኝ። «እማዬን አናቷን ቆረጥሻት። ደግመሽ አንሺ።»